ከፖንቴዴራ እስከ ንፋስ ስልክ፦ የአንዲት ቬስፓ ካርቡራቶር ታሪክ

ባለፈው እሁድ የቬስፓዬን ፎቶ ስለጥፍ ኮሜንት ላይ "ቲቸር፣ ይሄን ብረት ከየት አመጣኸው?" "በዚህ ብር አዲስ ሞተር አትገዛም ነበር?" ስትሉኝ ነበር። አንዱ ደግሞ (ስምህን አልጠራም፣ አስረኛ ቢ ክፍል ከኋላ ወንበር ትቀመጥ የነበርከው) "ይሄ ነገር ይነሳል ወይስ ለፎቶ ነው?" ብሎ ጠይቋል። ይነሳል! ለመነሳት ግን ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የታሪክ መምህር ሞተር ሲሠራ ነገሩ ከምኒልክ ነው የሚጀምረው፣ ምን ላድርግ።

የምኖርበት ሰፈር ንፋስ ስልክ ይባላል። ስሙ የመጣው ከሬዲዮ ነው። ድሮ ሰዉ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ "የነፋስ ስልክ" ይለው ነበር። ይሄን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ካርቡራቶርም በአጭሩ የነፋስ መሣሪያ ናት። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ አንገት ያልፋል፣ ጠበብ ሲል ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ያኔ ቤንዚኑ በትንሽዬ ቀዳዳ ተስቦ እንደ ጉም እየበተነ ይወጣል። ጀርመናዊው ማይባኽ በ1893 እ.ኤ.አ. ቤንዚን በቀዳዳ እየረጨ የሚሠራውን ዓይነት ካርቡራቶር ሲሠራ፣ አዲስ አበባ ገና ድንኳንና ጎጆ የበዛባት የሰባት ዓመት ከተማ ነበረች።

ማሽን መጥቶ መለዋወጫ ሳይመጣ መቅረቱ በዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ሰባራ ባቡር የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ አይደል? አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በአፄ ምኒልክ ዘመን ያስመጣት በእንፋሎት የምትሠራ የመንገድ ማሽን ነበረች። ሰዉ "የሰርኪስ ባቡር" ይላት ነበር። ተበላሽታ እዚያው ቀረች፣ ሰፈሩም በሷ ተጠራ። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ስሙን ያገኘው መለዋወጫ ካጣ ማሽን ነው! በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ለምኒልክ አመጣ። ንጉሡ በአዲስ ነገር መደሰታቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያቺ መኪና ከጠረፍ ተነስታ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስትደርስ ሞተሯ እንዴት ይንኮራፋ ነበር? ማን ነው ያስተካከለላት? የታሪክ መጻሕፍት ስለ መኪናዋ ይጽፋሉ፣ ስለ ካርቡራቶሯ አይጽፉም።

እዚህ ጋ የከፍታን ጉዳይ ላስረዳ፣ ቀሪው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና። የኔ ቬስፓ ስፕሪንት የተሠራችው ጣሊያን ውስጥ ፖንቴዴራ በምትባል ከተማ፣ ፒያጆ ፋብሪካ ነው። ፖንቴዴራ ያለችው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ሳትል ነው። ፋብሪካው ካርቡራቶሯን የሚያስተካክለው ለዚያ አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ገደማ ሳስቷል። ሞተሩ ያንኑ ያህል መጠን ስቦ ያነሰ አየር ያገኛል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ቀለል ባለ ስሌት ድብልቁ ከ10 እስከ 15 በመቶ በቤንዚን ይወፍራል። ውጤቱን አይታችሁታል፦ ጥቁር ጭስ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ፣ ዳገት ላይ የሚታነቅ ሞተር። ብዙ ሰው "ሞተሩ አርጅቷል" ብሎ የሚሸጠው ሞተር ያላረጀ፣ ለባሕር ዳርቻ የተሰፋ ልብስ ለብሶ እንጦጦ የወጣ ሞተር ነው።

መፍትሔው በጣም ትንሽ ናት። ካርቡራቶሩ ውስጥ መሃሏ የተበሳ የነሐስ ብሎን አለች፣ ጣሊያኖቹ ጂግለር ይሏታል። በዴሎርቶ ካርቡራቶር ላይ 100 የሚል ከተጻፈባት ቀዳዳዋ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፣ 95 ካላት 0.95 ሚሊ ሜትር ነው። ፋብሪካው 100 የሰጠው ሞተር አዲስ አበባ ላይ 94 ወይም 95 ይበቃዋል። በአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ አምስት ስድስት ልዩነት ሞተሩ ወይ ይዘፍናል ወይ ያለቅሳል።

አሁን ወደ መለዋወጫው። እኔ ቬስፓ አልገዛሁም፣ ቬስፓ ለቀምኩ ብል ይቀላል። አካሏን ያገኘሁት መካኒሳ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ዶሮዎች ሰፍረውባት ነበር፣ ከመሪዋ ላይ እንቁላል አንስቻለሁ፣ እውነቴን ነው። ሊብሬዋ ግን ነበረ፣ እሱ ነው የገዛኝ። የሞተሩን ቅርፊት ምናለሽ ተራ በኪሎ ተመዝኖ ሊሸጥ ሲል ደረስኩበት። ጎማ፣ ኬብል፣ ካንዴላ መርካቶ አይጠፋም። ሰልባትዮዋን ጎፋ ያለ ልጅ በዶልሽ በየደልኝ።

ቬስፓ በ1946 እ.ኤ.አ. ስትወለድ ጣሊያን ከጦርነት የወጣች፣ ድልድይዋ የፈረሰ፣ ሕዝቧ የደኸየ አገር ነበረች። ንድፉን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነው፣ ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበር ይባላል። ቆሻሻ ስለሆነ! ለዚህ ነው ሞተሩን በላሜራ የሸፈነው፣ እግር ማሳረፊያውንም ፊት ለፊት የዘረጋው። ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ከረባት ያሰረ ጸሐፊ ሳይቆሽሹ እንዲነዱት።

እኛ ዘንድ ጣሊያን ቀድሞ የመጣው በሌላ መልኩ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ ከ1,700 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች አዲስ አበባ ገባ። በዚያ አምስት ዓመት የሆነውን እዚህ አልዘረዝርም፣ ክፍል ውስጥ ተምራችሁታል። ከድል በኋላ ግን መካኒክና ሠራተኛ የነበሩ ብዙ ጣሊያኖች እዚሁ ቀሩ፣ ጋራዥ ከፈቱ፣ የኛ ልጆች እነሱ ዘንድ መፍቻ እያቀበሉ ሙያ ተማሩ። ተግባረ እድ በ1934 ዓ.ም. ተከፍቶ ሙያውን በወረቀት ሰጠ፣ ጋራዡ ደግሞ በኩርኩም።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ማንኛውም ጋራዥ ግቡና ጆሯችሁን ክፈቱ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ፑንቲና፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ። ታርጋና ቦሎ ሳይቀሩ። ላንቻ የሚባለው ሰፈር ከመኪናው ስም ነው። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ነው፣ መዝገብ ቤት ሁሉ ወረቀት አይደለም። የ20 ዓመት ልጅ የጣሊያን ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያውቅ "ሚኒሞዋ ወርዷል" ሲል በዘመኑ የነበረ ጋራዥ በአፉ እየተናገረ ነው።

ከዚያ ነገሩ ከበደ። በ1967 እ.ኤ.አ. የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ። ከአውሮፓ ወደ ቀይ ባሕር የሚመጣ ዕቃ አፍሪካን ዞሮ መምጣት ግድ ሆነበት። ቦዩ ሳይከፈት አብዮቱ ፈነዳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ዋገን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ የዘመኑ ቀልድና ምሬት ሁለቱም እዚያ መኪና ውስጥ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ድርጅት ተወረሰ፣ የውጭ ሰው ሄደ፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ። ቮልስ ግን መንገድ ላይ ቀረች። ለምን? የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ስለሆነ መለዋወጫዋ አልደረቀም። የሶሌክስ ካርቡራቶሯን ደግሞ ሱማሌ ተራ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈቱ ሰዎች ነበሩ።

የቬስፓ ዕድል ሌላ ነው፣ የሚገርመውም ይሄ ነው። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ ነበር። ፈቃዱ በ1971 ሲያበቃ ቼታክ የሚባል የራሱን ስኩተር አወጣ፣ መሠረቱ ቬስፓ ስፕሪንት ነበረች። የኔዋ ማለት ነው! ባለ ሦስት እግሩም ቢሆን አያቱ የፒያጆ "አፔ" ነው። ስለዚህ ጀሞ መንገድ ላይ እየተጋፋ የሚያናድዳችሁ ባጃጅ የቬስፓዬ የአጎት ልጅ ነው። እኔም ዘመድነቱን ተጠቅሜበታለሁ፦ የፍሪሲዮን ዲስክ ያገኘሁት ለህንድ ስኩተር ከተሠራ ዕቃ ነው፣ አንድ ወዳጄ ከሙምባይ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ።

ካርቡራቶሯ ብቻ አስቸገረች። አካሏ ደህና ነው፣ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ዴሎርቶ። ጂግለሯን ግን ከኔ በፊት የነበረ ሰው በሽቦ እየጠረገ ቀዳዳዋን አስፍቷታል። ይሄን ስህተት አትሥሩ! ነሐስ ለስላሳ ነው፣ በሽቦ ሲጎረጎር ይሰፋል። በቤንዚን እጠቡ፣ በአፍ ወይም በጎሚስታ አየር ንፉ፣ በቃ። ከጣሊያን ለማዘዝ ሞከርኩ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። የጥፍር ጫፍ የምታክል ነሐስ የአንድ መምህር ደመወዝ ላይ ምን እንደምታደርግ ለመምህራን አልነግራቸውም።

እዚህ ላይ ነው ጋሼን ያገኘሁት። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ጎፋ ገብርኤል አካባቢ ትንሽ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ድሬ ዳዋ ተወልደው ያደጉ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ መጥተው አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ገቡ። ካርቡራቶሬን በእጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን አሳዩና "ይሄን ማን ገደለው?" አሉኝ።

ጂግለሯን በስታኞ ደፈኑ። ከዚያ አንድ የስፌት መርፌ አወጡ። መርፌዋ ከጫፏ ቀጭን፣ ወደ ኋላ እየወፈረች ትሄዳለች፤ በምላጭ ሦስት ቦታ ተጭራለች። በጥቃቅን መብሻ ስታኞውን እየበሱ፣ መርፌዋን እየከተቱ፣ ጭረቷ ጋ እስክትደርስ። "እዚህ ድረስ ከገባች ለአዲስ አበባ ነው" አሉኝ። ሚክሮሜትር የለም፣ መጽሐፍ የለም። ቤት ወስጄ ከትምህርት ቤት በተዋስኩት መለኪያ መርፌዋ የደረሰችበትን ቦታ ለካሁት። 0.95። ዝም አልኩ።

ቀጥሎ ትንሽ የመድኃኒት ቆርቆሮ አሳዩኝ። ውስጧ ጂግለሮች አሉ፣ እያንዳንዷ በወረቀት ተጠቅልላ የከተማ ስም ተጽፎባታል፦ "አዲስ"፣ "ናዝሬት"፣ "አዋሽ"፣ "ደብረ ብርሃን"። ቁጥር ሳይሆን ከተማ! ደንበኛው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀው ነበር የሚቀይሩለት። የአገራችንን ከፍታ በነሐስ የጻፈ ካርታ ነው እንግዲህ፣ እኔ ጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ አድርጎ የገባኝ ቀን የለም።

እኔ ግን ጎበዝ ነኝ ባይ ነኝ። ጋሼ የሰጡኝን 95 ለቤንዚን ቁጠባ ብዬ በራሴ ጊዜ ወደ 90 አወረድኩት። ንፋስ ስልክ ውስጥ ስዞር ምንም አልሆነችም፣ እንዲያውም ቀለል ብላ ትሄዳለች። አንድ ቅዳሜ ለዘመድ ሰርግ አዳማ ልሄድ ተነሳሁ። አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሁሉ ሰላም። አስቡት፣ እየወረድኩ ነው፣ አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። በወረድኩ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን በጠበበችው ቀዳዳ ነው የሚመጣው። ድብልቁ ሲሳሳ ሞተሩ ይግላል። ቱ ስትሮክ ሞተር ደግሞ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው፣ ለአምስት ሊትር አንድ ዴሲ ሊትር። ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። ሞጆን አለፍ ብዬ ሙሉ ጋዝ ሰጥቼ ስሄድ፣ ሞተሩ ለሁለት ሰከንድ ያህል ከወትሮው የበለጠ ፈጠነ፣ ከዚያ የኋላ ጎማ ቀጥ አለ። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነከሰው።

ፍሪሲዮኑን ባልይዘው ኖሮ ይሄን አልጽፍላችሁም ነበር። ከኋላዬ ሲኖትራክ ነበር። ጥሩምባው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዳር ላይ ወድቄ ተነሳሁ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ፣ ሰርጉ ቀረ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቬስፓዋን ጭኖ መለሰኝ፣ ገንዘብ አልቀበልም አለ፣ እግዜር ይስጠው።

ጋሼ ፒስተኑን አዩት። አልተቆጡም፣ እሱ ነው ያሳፈረኝ። ካንዴላውን ፈትተው ሰጡኝና "ቀለሙ ምን ይላል?" አሉ። ነጭ ነበር፣ እንደ አመድ። "ጥቁር ከሆነ ጠግቧል፣ ነጭ ከሆነ ተርቧል፣ የተቆላ ቡና ከመሰለ ደህና ነው። በየሠላሳ ኪሎ ሜትሩ ቆመህ ብታየው ይነግርህ ነበር" አሉኝ። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተቦረሸ፣ ፒስተን እንደገና ፍለጋ፣ ሌላ ስምንት ወር።

በነገራችን ላይ ከፍታ ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል 5 በመቶ፣ በ2003 ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ጀመር። ለአገር ምንዛሪ ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ ለድሮ ካርቡራቶር ግን የድሮ ጎማና ቡሽ ያበላሻል፣ ድብልቁንም ትንሽ ያሳሳዋል። ጋሼ ያኔ ጂግለሮቻቸውን ሁሉ በትንሹ አስፍተዋቸዋል። ማንም አልነገራቸውም። ካንዴላው ሲነጣባቸው "ቤንዚኑ ተቀይሯል" ብለው ነው።

ዛሬ ይህ ሁሉ ዕውቀት ገዢ የለውም። ህንድ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣችው የጭስ ደንብ አዳዲሶቹ ሞተሮች ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጩ ሆነዋል፣ ከፍታውን ራሳቸው ይለካሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነፋስ አያስፈልገውም። ልክ ነው ስህተት ነው ብዬ አልከራከርም፣ የከተማው ጭስ ለልጄ ሳንባ ጥሩ አይደለም፣ የኔም ቬስፓ እኮ ታጨሳለች።

የሚያሳስበኝ የጋሼ ነገር ነው። ድሮ ሞተሩን በጆሮ ነበር የሚያስተካክሉት። ሚኒሞውን ዝቅ አድርገው፣ የአየር ብሎኗን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያዞሩ፣ ድምፁ "ሲጠራ" ያቆማሉ። ሁለት ዓመት ሆነ ጆሯቸው እየከዳቸው ነው። አሁን መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ ጭነው ነው የሚያዳምጡት። እኔ ብሎኗን አዞራለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ይሰማሉ፣ "ተው... ተው... በቃ" ይሉኛል። ቆርቆሮ ቤቷ መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ትነሳለች፣ መቼ እንደሆነ ቁርጡ አልታወቀም። ዕቃቸውን ሁሉ ለጎረቤት ልጆች እያከፋፈሉ ነው። ያቺን የመድኃኒት ቆርቆሮ ለኔ ሰጡኝ፣ መርፌዋንም ጭምር።

ቤት ስከፍታት አንዷ ወረቀት ባዶ ናት። "ድሬ" ይላል፣ ጂግለሯ የለችም። ስጠይቃቸው ሳቁ። በ1960ዎቹ አጋማሽ አባታቸው ሲሞቱ ቬስፓ ተውሰው፣ ያቺን ጂግለር ገጥመው፣ አዋሽን አልፈው በረሃውን ቆርጠው ሄደው ነበር። ለቀብሩ አልደረሱም። ሲመለሱ ጂግለሯ ቬስፓዋ ላይ ቀረች፣ ቬስፓዋም ለባለቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ድሬ ዳዋ የሄዱት በባቡር ነው፣ ባቡሩም ቆመ። አሁን አዲሱ ባቡር ከዚሁ ከክፍለ ከተማችን ከለቡ ይነሳል፣ እሳቸው ግን አልሞከሩትም።

ድሬ ዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። አሁን ባስላው 97 ወይም 98 ይሆናል፣ ግን ስሌት አላምንም፣ ሞጆ ላይ አይቼዋለሁ። ጋሼ መርፌዋ ላይ ሦስተኛዋ ጭረት የድሬ ናት ይላሉ። ስለዚህ ያልተበላሸች የዴሎርቶ ጂግለር እፈልጋለሁ፣ ከ96 በላይ የተጻፈባት ማንኛዋም ትሆናለች። ምናለሽ ተራ፣ ሱማሌ ተራ፣ የአባታችሁ መጋዘን ውስጥ፣ የድሮ ቬስፓ ወይም ላምብሬታ ፍርስራሽ ያየ ሰው ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሐምሌ ላይ መሄድ አስቤአለሁ። ጋሼ ከኋላ ልቀመጥ ብለዋል፣ ልጃቸው ግን አልተስማማችም፣ ገና እየተነጋገርን ነው።